ሽማግሌዎቹ ስላንተ የጠየቁኝ

ልጄ ወንዳወቅ፣ የደብራችን ሚካኤል በሄድክበት ሁሉ ይቅደምልህ። እኛ ደህና ነን፤ በቆሎው አምሯል፣ ቀይዋ ላምም ወልዳለች። ደህና ያልሆነው ያንተ ነገር ነው።

ያን ሀንድፓን የምትሉትን አፍ ለአፍ የተገጠመ የብረት ሳህን ጭንህ ላይ አስቀምጠህ በጣትህ ስትጎስም፣ የቡሬ ገበያተኛ ሁሉ በስልክ አይቶሃል። ደብተራ ከበሮ ቢመታ ለታቦት ነው፤ አንተ ለማን ነው? በዘራችን አዝማሪ የለም!

እህትህን ያምሮትን ሊያጩ ከደምበጫ የመጡት ሽማግሌዎች፣ ዘራችንን ሲቆጥሩ ቆይተው አንተ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ወንድሟ አዝማሪ ነው አሉ» አሉኝ።

«መምህር ነው! ፈረንጅ ያስተምራል» አልኩ።

«ምን?»

ብረት መምታት ብላቸው ደግሞ ቀጥቃጭ ናችሁ ሊሉን ነው። ዳኛ ፊት አፌ ተይዞ የማያውቅ ሰው፣ «ጠላ ይቀዳላችሁ» ብዬ ተነሳሁ። ይህን የምትጽፍልኝ ያምሮት ራሷ ናት፤ ሰርጓ ሊፈርስ ደርሶ እሷ ትስቃለች።

ሽማግሌዎቹ መልሴን ሊሰሙ ለመድኃኔዓለም ይመለሳሉ። ተማሪዎችህ ተምረው ሲጨርሱ ምን እንደሚሆኑ ጽፈህ ላክልኝ፤ ለሰው የሚነገር ከሆነ። ካልሆነም መጥተህ ከጎኔ ተቀመጥ። ቁመናህ የኔ ነው፤ ሲያዩህ መጠየቁን ይተዉታል።

እግዜር እጅህን ቁም ነገር ያስይዘው።

አባትህ እንግዳው