ገንዳው ሥር የተቋጠረው ቱቦ

ጓዴ፣ እንደምን ከርመሃል? እኔ ተርፌአለሁ፤ ፈተናውንም አልፌአለሁ።

ትናንት የባሕር ኃይል ጠላቂነት የመጨረሻ ፈተናችን ነበር። የመጥለቂያ መነጽሬን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነው ውኃ የሞላው ገንዳ ወለል ላይ አንበረከኩኝ። አሰልጣኙ የአየር ቱቦዬን ከአፌ ነጥቆ ከጀርባዬ ቋጠረው። ባለፈው እዚሁ ላይ ደንግጬ ወጥቼ ነበር፤ ብደግመው ኖሮ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ቤት ነበር። ወንዛችን ውስጥ ትንፋሽ ሲያጥረን እንደ ቡሽ ብቅ እንል የለ? እዚህ ብቅ ያለ ይሰናበታል። ቱቦውን ጀርባዬ ላይ ካለው የአየር ሲሊንደር ጀምሬ በዳበሳ ተከተልኩት፣ ቋጠሮውን ፈታሁና ተነፈስኩ። ስወጣ አሰልጣኙ፣ “እጅህ ከልብህ ይደፍራል” አለኝ። ሳቅሁ።

የፖስታ ካርዱ ላይ መጻፊያ ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ እናቴን ሳምልኝ። ማለፌን ንገራት፤ የቱቦውን ነገር ግን አጠገቧ ቁጭ ብዬ እኔው እነግራታለሁ።