በለቅሶሽ የታጠቡት ሳህኖች

ውድ ባለቤቴ አስካለ፣

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ቧንቧችን እንደምታውቂው ነው፤ ዝናብ ሲጥል ቀይ ውሃ ያወርዳል። ካዛንቺስ ግን አንቺ የምታውቂው አይደለም። ከታክሲው መንገድ ወዲህ ያለው ሰፈር ፈርሷል፤ የእኛም በር ላይ ቀይ ምልክት ተደርጎበታል።

ስለ መስታወት ሳህኖቹ ልንገርሽ። ለቀለም የሚገባው ነጭ ዱቄት፣ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ በስሱ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው በውሃ ውስጥ ያለውን ጀርም እንደሚገድል ያነበብኩት እኔ ነኝ። መቀባቱን የቻልሽው ግን አንቺ ነሽ። ዕድሜሽን በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ያሳለፍሽ ነሽና እጅሽ አይንቀጠቀጥም ነበር። እኔ የቀባሁት ይላጣል፤ ያንቺ ይይዛል። ቅቡ በሙቀት እንዲጣበቅ ባለ ዳቦ ቤቱ ዳቦው ከወጣ በኋላ ምድጃውን ሲፈቅድልን፣ «መምህር፣ ዛሬም ባዶ ሳህን ልትጋግሩ ነው?» እያለ ይስቅብን ነበር። የቀድሞ ተማሪያችን ውሃውን መርምሮ ንጹሕ ነው ያለን ቀን፣ ከሁሉ በፊት የጎረቤታችንን የከድጃን ልጅ እናጠጣት አልሽ። ክረምት በመጣ ቁጥር ሆዷን የምትታመመው እሷ ነበረችና። አልደረስሽም።

በለቅሶሽ ሳምንት የዕድር ሴቶች ለንፍሮው ዕቃ ሲያጥራቸው ሳህኖቹን ለፀሐይ ከደረደርሽበት ጣሪያ አወረዷቸው። ነጩ ቅብ የቧንቧ ውሃ ዝቃጭ መስሏቸው በአሸዋ ፈተጉት። ከሴቶቹ አንዷ ሸዋዬ አንዱን ሳህን ይዛ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ስንት ዘመን የያዘ ቆሻሻ ነው! ይዩት እንዴት እንደጠራ» አለችኝ። ጣቶቿ ተልጠው ነበር። ሐዘንተኛ ቤት የቆሸሸ ዕቃ አይቅረብ ብለው ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኳት እንጂ ሌላ ምን እላለሁ?

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ቀብቻለሁ። ዱቄቱን እመዝናለሁ፣ አንቺ እንደምታደርጊው ጥላ ውስጥ አደርቃለሁ፤ ይላጣል። ዳቦ ቤቱም ከፈረሰው ጋር ሄዷል። የከድጃ ልጅ ዘንድሮም ታማ ሰነበተች። እናቷን አፍልተሽ አጠጫት እላታለሁ፤ ታውቀዋለች፣ ከሰሉ ነው የቸገራት። የደረሰኝ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነው። ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ፀሐይ የሚባል አይገባበትም።

ተስፋ አለኝ ብዬ አልዋሽሽም። ቤቱ እስኪፈርስ ግን፣ ደመናው ገለጥ ባለ ቁጥር፣ የጠሩትን ሳህኖች ውሃ ሞልቼ አንቺ በምትደረድሪበት ቆርቆሮ ላይ አስቀምጣለሁ። ሲመሽ አውርጄ ውሃውን አፈላዋለሁ። እጅሽ ሳህኑ ላይ እንዴት ይሄድ እንደነበር እንዳልረሳ ነው። አልረሳም፣ አስኩዬ።

ባለቤትሽ