መስኮት ዘግተው ክር ያቀጠኑት የአቶ ዳሂር ዋበሪ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዳሂር ዋበሪ ከአባታቸው ከአቶ ዋበሪ ዓዋሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኑርቶ አብሺር በ1963 ዓ.ም. በቢዮ አዋሌ ተወለዱ። በድሬዳዋ እስከ አሥረኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ እዚያው ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ የቴሌቪዥን መጠገኛ ከፈቱ። በ1988 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሳዶ ዐብዲከሪም ጋር ጋብቻ መሥርተው አብዲራሺድንና ሱሀይራን ወለዱ።

ሱሀይራ ቀፊራ ገበያ ወፍጮ ቤት ስትሠራ የዱቄቱ ብናኝ ደረቷን ያዘው። ተገዝቶ የመጣው ማስክ ሁሉ ብናኙን አሳለፈ። በ2014 ዓ.ም. አንድ የምርምር ተቋም የተበላሸ መሣሪያ እንዲጠግኑ አቶ ዳሂርን ጠራቸው። በኬሚካል የሟሟ ፕላስቲክ ከመርፌ ጫፍ በከፍተኛ ቮልቴጅ እየተሳበ ከጸጉር እጅግ የቀጠነ ክር ሲሆን አዩ። ምሳቸውን ረሱ። ከአሮጌ ቴሌቪዥን ዕቃ የራሳቸውን መሣሪያ ሠርተው፣ ለሱሀይራ ማስክ የሚሆን ክር ሊያወጡበት ጓዳ ውስጥ ተከሉት።

ክሩ ጠባየኛ ነበር። ፈሳሹ ሲወፍር ክሩም ይወፍራል፤ ፈሳሹ ከልክ በላይ ሲቀጥን ደግሞ ክር መሆኑ ቀርቶ ያንጠባጥባል። መርፌውን ክሩ ከሚያርፍበት ብረት ራቅ ሲያደርጉት ቀጠነ፤ አብዝተው ሲያርቁት ተበተነ። ከሁሉም ያስቸገራቸው የድሬዳዋ ነፋስ ነው። ስለዚህ መስኮቱን ዘጉ፣ ቬንትሌተሩን አጠፉ፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ወተፉ። በዚያ ሙቀት። ኬሚካሉ ዓሣ ዓሣ ይሸት ስለነበር፣ ጎረቤቱ ዓሣ የሚጠበሰው እነማን ቤት እንደሆነ ሲጠያየቅ ከረመ፤ ባለመጠራቱ የተቀየመም ነበር።

ወይዘሮ ሳዶ በሩ ላይ ቆመው፣ «አቦ ዳሂር፣ ክፈተው። አንተም ትተነፍሳለህ» ይሏቸው ነበር።

«ነፋስ ቶሎ ያደርቀዋል። በደንብ ሳይሳብ ከደረቀ ይወፍራል፤ ከወፈረ ብናኙ ልጄ ጋ ይደርሳል።»

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ክሩ እንደ ልባቸው ቀጠነ። ሱሀይራ አባቷ የሠሩላትን ማስክ አድርጋ ወፍጮ ቤት ዋለች፤ ሳታስል ገባች። የአቶ ዳሂር ዓይን ቢጫ መሆኑ የታየው በዚያው ሳምንት ነው። ሐኪሙ ጉበታቸው መጎዳቱን ነግሯቸው፣ ቤት ውስጥ ምን እንደሚተነፍሱ ጠየቃቸው።

«አየር» አሉ።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ አኼራ ሄዱ። ባለቤታቸውና ሁለት ልጆቻቸው ቀርተዋል። ያ ማስክ ብናኝ ሲይዝ ሲይዝ እየተደፈነ ነው፤ ሱሀይራም አባቷ ገና አልጋ ላይ ሳሉ የጓዳውን ቁልፍ ጠይቃ ነበር። ወይዘሮ ሳዶ ቁልፉን የሰጧት የመስኮቱን መዝጊያ ከነማጠፊያው አስነቅለው ነው። ሰሞኑን ልጅቷ ክፍቱን መስኮት በሜትር ስትለካ ታይታለች።

አላህ ይማራቸው፤ ቀብራቸውን ሰፊና ነፋሻ ያድርግላቸው። አሚን።