ለሾዴ የነገርኳት ለቅሶ

ጉለሌ፣ የካቲት ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.

ይድረስ ላይፕዚግ ላለው ልጄ ለዓምሃ። እመብርሃን በሄድክበት ሁሉ ትቅደምህ። ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? እኛ ይመስገነው፣ አለን።

ዘንድሮ ማጅራት ገትር ገብቶ ሰፈሩ ጭር ብሏል፤ መሳሳም እንኳ ቀርቷል። የዊንጌት ተማሪዎች ሲለቀቁ አሁንም ደጅ እወጣለሁ፤ እንደዱሮው እየሮጥክ የምትመጣ ይመስለኛል። ፍርሃቱ ጸንቶብኝ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጸበል ጠጣሁ፤ የነፍስ አባቴም "ሐኪሙም የእግዜር ነው" አሉኝ። አማኑኤል ሆስፒታል እሄዳለሁ ማለት አሳፍሮኝ ለጎረቤታችን ለሾዴ "ለቅሶ ልደርስ ነው" አልኳት። "ለቅሶማ ብቻሽን አትሄጂም!" ብላ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተከተለችኝ። ሆስፒታሉ በር ላይ "ለቅሶው የት ነው?" ስትለኝ እውነቱን ነገርኳት። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰችና "እኔም እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ፤ ተራ ያዢልኝ" አለችኝ።

ሐኪሙ ደህና አድርጎ አዳመጠን። ተመስገን፣ አሁን እተኛለሁ።

ልጄ፣ ደብዳቤህ አጥሯል፤ "ደህና ነኝ" ብቻ ሆኗል። እኔም ሾዴን እንደዚያው ነበር የምላት። ከክፉ ይሰውርህ፤ እባክህ አንተም ሐኪም ዘንድ ሂድልኝ። ካፈርክ ለጓደኛህ "ለቅሶ ነው" በለው፤ ያገራችን ልጅ ከሆነ ብቻህን አይሰድህም።

እናትህ ብርቅነሽ