ስሜ ከጽሑፉ ላይ ሲነሣ

ዞምባ፣ እሑድ፣ ጁላይ 14 ቀን 2019

ለውዷ ልጄ ለታዳላ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ሳልሽስ ለቀቀሽ? እኛ ደህና ነን። ቺፔሮኒው ብርድና ካፊያውን ይዞ ከገባ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፤ ተራራው ከጭጋግ አልወጣም፣ የታጠበ ልብስም አይደርቅም። እናትሽ ሸሚዞቼን ከምድጃው በላይ ስለምትሰቅላቸው ክፍል የምገባው ጭስ ጭስ እየሸተትኩ ነው። ተማሪዎቼ የዓሣ አስተማሪ ጠረኑ እንዲህ ነው ብለው የተቀበሉት ይመስለኛል።

አዎ፣ ክፍል እገባለሁ። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። እንዴት እዚህ እንደ ደረስኩ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። እናትሽ ስልኩን ልታቀብለኝ ፈልጋ ነበር፤ በስልክ ግን መሐል ላይ ዝም የምል ስለመሰለኝ ወረቀት መረጥኩ።

የአምናውን የፋሲካ ራት ሳታስታውሺው አትቀሪም። ስሜ ያለበት የቺልዋ ሐይቅ ዓሣ ጥናት ጽሑፍ በወጣ በሳምንቱ ነበር። አውቶቡስ ላይ አንብበሽው መጥተሽ፣ ገና እጃችንን ሳንታጠብ፣ "አባባ፣ ዓሣውን የመዘናችሁት ከጀልባ ሲወርድ ነው ወይስ ገበያ ከደረሰ በኋላ?" አልሽኝ።

"ተጽፏል እኮ" አልኩሽ።

"አልተጻፈም። ለዚህ ነው የምጠይቅዎት።"

ውኃ ጠጣሁ። አንቺ ደግሞ አልለቀቅሽኝም። "ታዲያ ስምዎ ሁለተኛ ላይ የገባው ምን ሠርተው ነው?" እኔም በዚህ ቤት የበላሽው የንሲማ ገንፎ ሁሉ ከእነዚህ ጽሑፎች የመጣ ነው ብዬ ጮኽኩብሽ። ዕረፍትሽ ሳያልቅ፣ ሁለት ቀን ቀድመሽ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተመለስሽ። መልሱን ስላላወቅኩት ነበር የተቆጣሁት። ይህን ለራሴ ለመንገር እንኳ ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል።

ልማዳችንን ታውቂዋለሽ፤ በእኛ ትምህርት ክፍል የኃላፊው ስም የሌለበት ጽሑፍ ማውጣት ለአጎት ሳይነግሩ እንደ ማግባት ነው። ከእኔ በፊት ለነበሩት ኃላፊ እኔም እንዲሁ ሳደርግ ኖሬአለሁ፤ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ደግሞ አሁን የእኔ ተራ ነው አልኩ። ዶክተር ዌዚ ምዌኒፉምቦ የቺልዋውን ጽሑፍ ሲጨርስ አንድ ቅጽ ይዞልኝ መጣ። "ጥናቱን በማቀድ ተሳትፌአለሁ፣ የመጨረሻውን ቅጂ አንብቤአለሁ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ተጠያቂ ነኝ" ይላል። ከአንድ ስብሰባ ወጥቼ ወደ ሌላው ስሄድ፣ ኮሪደር ላይ ቆሜ ፈረምኩት። ጽሑፉን አላነበብኩትም።

ባለፈው ፌብሩዋሪ ከመጽሔቱ አዘጋጅ ደብዳቤ መጣ። አንድ አንባቢ፣ በሦስተኛው ሠንጠረዥ ላይ የ2015 የመጨረሻዎቹ አራት ወራት ቁጥሮች ከ2014ቱ ጋር እስከ መጨረሻዋ አኃዝ ድረስ አንድ መሆናቸውን አስተውሏል። አዘጋጇ ሁለታችንም ምን እንደሠራን ለየብቻ እንድንጽፍላት፣ ዓሣው ሲመዘን የተጻፈበትንም መዝገብ እንድንልክ ጠየቀች።

ዌዚ የዚያኑ ዕለት ቢሮዬ መጥቶ በሩን ዘጋ።

"ዶክተር፣ ሲገለበጥ የተፈጠረ ስሕተት ነው እንላለን። እርስዎ መዝገቡን አይቼዋለሁ ካሉ ነገሩ እዚያው ያበቃል። እርስዎን ያምናሉ።"

"መዝገቡ የት ነው?"

"ካቹሉ ወደብ ነው፣ ዓሣውን የሚመዝኑት ሽማግሌ ጋ። ግን ምን ያደርግልዎታል?"

የፕሮፌሰርነት ማመልከቻዬ ሜይ ላይ ሊታይ ቀጠሮ ተይዞለት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ጽሑፎች አስገብቼ ነበር። ከእኔ የሚፈለገው "መዝገቡን አይቻለሁ" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ልጄ፣ አልደብቅሽም፣ ያንን ዓረፍተ ነገር ጽፌው ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ቀን ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን፣ እንዲያው ውሸት እንዳይሆንብኝ መዝገቡን በዓይኔ ልየው ብዬ ወደ ሐይቁ ወረድኩ።

ሽማግሌው ባምቦ ናንኩኒ ይባላሉ። ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ ጉልበታቸው ሲደክም ካቹሉ ወደብ ላይ ሚዛን ይዘው ተቀመጡ። ስሜን ስነግራቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"አሃ፣ እርስዎ ነዎት? ስምዎን ወረቀቱ ላይ አሳይተውኛል። ፊትዎን ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።"

"ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ አባቴ።"

"መብዛቱንስ አልጠራጠርም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጸሐፊ ማለት የሚጽፈው ሰው አይደለም እንዴ? ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ራሳቸው ሳቁ። አጠገባችን ዓሣ የሚያሰጡት ሴቶችም አብረው ሳቁ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ።

ከቤታቸው በላስቲክ የተጠቀለሉ አሥራ አንድ የተማሪ ደብተሮች አመጡ። ሴፕቴምበር 2015ን ስገልጥ ቁጥር የለም። "ውኃው ሸሸ። ጀልባ አልወጣም" ይላል። በማግስቱም "ጀልባ አልወጣም።" እንዲህ እያለ አራት ወር ይሄዳል። አንድ ቀን እንኳ አልዘለሉም። በየቀኑ ወደቡ ድረስ ሄደው፣ ምንም አለመኖሩን ጽፈው ተመልሰዋል።

"ዓሣ ከሌለ ለምን ይመጡ ነበር?" አልኳቸው።

"ታዲያ አለመኖሩን ማን ይመስክር?"

ያንን ዓረፍተ ነገር አሁን ያለ ሐሰት መላክ እችል ነበር፤ መዝገቡን አይቻለሁና። እኔ ግን ስልኬን አውጥቼ የእነዚያን ባዶ ወራት ገጾች ፎቶ አነሣሁ።

ዞምባ ስመለስ መጀመሪያ የነገርኩት ለዌዚ ነው። እሱ ሳያውቅ እውነቱን ለአዘጋጇ መላኩን አልወደድኩትም።

"ያጠፉኛል፣ ዶክተር" አለኝ።

"የ2014ቱን ቁጥር ከምትቀዳበት ለምን ባዶውን እንደ ባዶ አልተውከውም?"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። "ለጥናቱ ድጋፍ ያደረጉት ሰዎች የአራት ወር ባዶ ሠንጠረዥ ሲያዩ ይህ ሰው ሥራ አልሠራም ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እርስዎን ላማክርዎት አስቤ ነበር፣ እውነቴን ነው። በኋላ ቅጹን ኮሪደር ላይ ቆመው ሲፈርሙልኝ፣ የሚጠይቀኝ ሰው እንደሌለ ገባኝ።"

ለአዘጋጇ ጻፍኩላት። "በዚህ ጥናት ውስጥ የሠራሁት የለም። ስሜ የገባው ኃላፊ ስለሆንኩ ነው። ሳላነብ ፈርሜአለሁ" አልኩ፤ የደብተሮቹንም ፎቶ አያይዤ ላክሁ። ዌዚ በማግስቱ የራሱን ላከ። አሳየኝ፤ የደበቀው ነገር አልነበረም።

ጽሑፉ ተሰረዘ። የተሰረዘበት ምክንያት ስማችን ተጠቅሶ ማንም በሚያነብበት ቦታ ወጣ። ከማመልከቻዬ ላይ እጄ የሌለባቸውን ስምንት ጽሑፎች በገዛ እጄ አወጣሁ፤ ኮሚቴው የቀሩት አይበቁም አለ፤ ልክ ነው፣ አይበቁም። ኃላፊነቱንም አስረከብኩ። ዌዚ ለሁለት ዓመት ተማሪ እንዳያማክር ተከለከለ፤ እንጀራው ግን አልተነካበትም። ሁለታችንም ከዚህ የከፋ ነበር የጠበቅነው።

ውሳኔውን ሰምቼ ቤት ስገባ እናትሽ የዱባ ቅጠል እየቀነጠሰች ነበር።

"ፕሮፌሰር አልሆንክም ማለት ነው?"

"አልሆንኩም።"

"ኃላፊም አይደለህም?"

"አይደለሁም።"

"እንግዲያው ቁጭ ብለህ ቅጠል ቀንጥስ" ብላ ሳህኑን አቀበለችኝ።

ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ ወዲህ የቢሮ ስልክ ሲጮኽ አልደነግጥም። አንድ ሰው ጽሑፍህን አነበብኩት ሲለኝ ወሬ አላስቀይርም፤ የቱን ብዬ እጠይቀዋለሁ፣ ለጥያቄውም መልስ አለኝ። ለአንድ ትልቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔን ግን አሳርፎኛል።

ዌዚ አሁን ከባምቦ ናንኩኒ ጋር ሌላ ጽሑፍ እያዘጋጀ ነው። ዋናው ቁም ነገር እነዚያ ባዶ ወራት ሆነው ተገኙ፤ ሐይቁ እንዴት እንደሸሸ ከቀን ወደ ቀን የሚያሳይ ሌላ መዝገብ አላገኘንም። ረቂቁን ወደ ቋንቋቸው ወደ ቺቼዋ እየተረጎመ አነበበላቸው፤ ሁለት ጠዋት ፈጀ። የአንድ ነፋስ ስም አረሙለት። አንዱን አንቀጽ ደግሞ "ይህን እኔ አላየሁም፤ ስሜ ካለበት ጽሑፍ ላይ ይውጣ" አሉ፤ ወጣ። አሁን ስማቸው ከዌዚ ቀጥሎ ሰፍሯል። ዌዚ ከልማዱ የእኔንም ሦስተኛ አድርጎ አስገብቶት ኖሮ በእስክርቢቶ ሰርዤ መለስኩለት። አየኝ፣ አየሁት፣ ሁለታችንም ሳቃችን መጣ።

ለእናትሽ የላክሽላትን የመመረቂያ ጽሑፍሽን የመጀመሪያ ምዕራፍ ሰጥታኝ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ። ሃያ ሦስተኛው ገጽ ላይ ያልገባኝ ነገር አለ፤ ጊዜ ስታገኚ ብታስረጂኝ ደስ ይለኛል። ምስጋናው ላይ እናትሽን፣ አስተማሪዎችሽን፣ ጀልባ የቀዘፈልሽን ሰው ሳይቀር አንሥተሻል። የእኔ ስም የለም። ልክ ነሽ፤ አልረዳሁሽም።

እናትሽ ለሴፕቴምበር ዕረፍት ትመጣ ይሆን እያለች ነው። እኔ አልጠየቅሁም፤ ትምህርትሽ ይቀድማል። ብቻ ኃላፊ ስላልሆንኩ የዓርብ ከሰዓቱ ስብሰባ ቀርቶልኛል። አንቺ የምትመጪበት የብላንታየሩ አውቶቡስ ደግሞ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሚገባ አጣርቻለሁ።

አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ። የምትጽፊውን ሁሉ ዓይንሽ ያየው፣ እጅሽ የደከመበት ያድርግልሽ። ከብርዱ ተጠንቀቂ።

አባትሽ፣
ሊምባኒ ካምዌንዶ