ለሐኪሟ ያልታየው ተረከዝ

ይድረስ ለምሳሳልህ ልጄ ለመልካሙ፤

እንደምን ከርመሃል፣ የኔ ዓለም? የጅግጅጋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ማኪናህስ መንገድ ላይ አላስቸገረችህም? ቃልኪዳን ከወለደች ወዲህ በረታች ወይ? ትንሿ ወንጌላዊት ትጠባለች? ሌሊት ታስተኛችኋለች? የዳባት ብርድ እንደምታውቀው ነው፤ ገብሱ ግን ዘንድሮ ሸጋ ነበር። እንደ ልማዴ እኔ እየተናገርኩ፣ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እስከዳር ትጽፍልኛለች።

የአባትህን ነገር ረጋ ብለህ ስማኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ጀምሮ ከአልጋ የሚወርዱት በሁለት ሰው ድጋፍ ነው። ጎንደር ማመላለስ ስላልተቻለ፣ አንተ በላክኸው ስልክ ዶክተር ትዕግስት ጎንደር ሆና በየአሥራ አምስት ቀኑ በምስል ታያቸዋለች፤ ስኳራቸውን እስከዳር ትለካለች። የመጀመሪያውን ቀን ብታይ በሳቅ ትሞት ነበር። አባትህ እንግዳ መጣብን ብለው ጥምጥማቸውን አስተካክለው ጠበቋት። ገና "እንደምን አደሩ አባታችን" ስትላቸው መስቀላቸውን ስልኩ ላይ ለጥፈው እስክትሳለም ድረስ አላነሱም። እሷ በዚያ ማዶ "አባታችን፣ ጨለመብኝ" ትላለች፣ እሳቸው በዚህ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ይላሉ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምን ያምዎታል ስትላቸው ሁልጊዜ መልሳቸው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ" ነው። እግርዎን ያሳዩኝ ስትላቸው ደግሞ "እግሬ ምን ይሆናል?" ብለው ጋቢያቸውን ይጠቀልላሉ። ሦስት ቀጠሮ እንዲሁ አለፈ። የግራ ተረከዛቸው መቁሰሉን እኔም ያወቅሁት በጠረኑ ነው። ምነው ደበቁን ብላቸው፣ በልጃቸው ዕድሜ ላለች ሴት ባዶ እግር መዘርጋት ነውር ሆኖባቸዋል። በኋላ ግን እውነቱን አወጡት፤ "ካየችው ትቆርጠዋለች። እግር ሳይኖረኝ መንበሩ ፊት በምን እቆማለሁ?" አሉኝ። መልካሙ፣ አርባ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስኖር ፈርተው ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

አልቅሼ ስጨርስ ደግሞ ተናደድኩ። "በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ የደብሩን ሰው እግር ሲያጥቡ ኖረዋል። የተሰነጠቀውም፣ ጭቃ የያዘውም እግር ፊትዎ ቀርቧል፤ ማን ደበቀዎት? የአያ ላቀውን የቆሰለ እግር ሲያጥቡ ተጸይፈውት ያውቃሉ?" አልኳቸው። ከሰዓት እስከዳር ስልኩን ስትከፍት ጋቢውን ራሳቸው ገለጡና "እነሆ ልጄ፣ እይው" አሏት።

ዶክተሯ አይታ መድኃኒት አዘዘች፤ ጥቂት ቢቆይ ኖሮ እግሩ ይሄድ ነበር አለች። ከዚያ ወዲህ እኔ ጧት ጧት ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አጥባለሁ፣ እስከዳር በሁለት ቀን አንዴ እየመጣች በምስል ታሳያታለች። እስከዳር በማትመጣበት ቀን ዶክተሯ ትደውልና ቁስሉ ምን መልክ አለው ትለኛለች። አባትህ ተረከዛቸው አይታያቸውም፤ ስለዚህ መልስ ሰጪዋ እኔ ነኝ። ሰኞ "ቀይ ነው፣ ሸጋ ነው" አልኳት። ማክሰኞ እስከዳር ፋሻውን ስትፈታው ጠርዙ ጠቁሮ አገኘችው።

እንዴት እንደደነገጥን አትጠይቀኝ። ዶክተሯ በዚያው ሰዓት ከጤና ጣቢያ ነርስ አስልካ የሞተውን ሥጋ አስጸዳች፣ መድኃኒቱንም ቀየረች። ዛሬ አይታው እግሩ ተርፏል ብላናለች፤ አባትህ ይህን ሲሰሙ መስቀላቸውን ተሳለሙ። እሷ ግን ስልኩን አልዘጋችም። "እማማ ይመኙሽ፣ እርስዎስ ዓይንዎ እንዴት ነው?" አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። አባትህ ካልጋቸው ሆነው "ልጄ፣ አትመኛት፤ በሩን የምታገኘው በዳሰሳ ነው" ብለው አጋለጡኝ።

እውነታቸውን ነው። ዓይኔ ደክሟል ካልኩ ማን ያጥባቸዋል ብዬ ነው ዝም ያልኩት፤ በዝምታዬ ግን እግራቸውን ላስቆርጥ ነበር። የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል ብላኛለች። ከፋሲካ በኋላ ጎንደር እወርዳለሁ፤ እኔ እንኳ የምሄድበት እግር አለኝ። እስከዚያ ማጠቡን ለእስከዳር ትቻለሁ፤ እኔ ውሃውን አፈላለሁ።

አባትህ በመስቀላቸው ይባርኩሃል። እስከዳርም የራሷን ሰላምታ እዚህ ላይ አስገብታለች። ቃልኪዳንን ልጄ እንዴት ነሽ በልልኝ፤ ገንፎውን እንዳትተው። ወንጌላዊትን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። የላክኸውን ፎቶዋን አይቼ ቁርጥ አባትህን ትመስላለች ያልኩህ፣ አባትህ ሲሉ ሰምቼ ነው። እኔ ፊቷን ገና አላየሁትም።

እናትህ ይመኙሽ
ዳባት፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.