ጌትነትን ማን ይረከበው

ማክሰኞ

አንገቱ ባዶ ነው። ምሳውን ሳላስቀምጥ «ማተብህን በጠስክ?» ብዬ ጮህኩበት። ነርሷ ሮጣ መጣች። «እኛ ነን የቆረጥነው፤ እዚህ ክር አይፈቀድም።» አፈርኩ። ወንድሜ ጌትነት ግን ሣቅ አለ። «እታለም፣ እነሱ ባይቆርጡትም እፈታው ነበር። ጌታን ተቀብያለሁ።» አጠገቡ የሚተኛው ሕመምተኛ፣ መምህሩ ነው ያስተማረው። ጌትነት አእምሮውን ታሞ የጎረቤት የጤፍ ክምር ካቃጠለ ሰባት ወሩ፤ ከዚህ ከተቆለፈ የሆስፒታል ክፍል ሊወጣ ሲል ይህ መጣ።

ረቡዕ

ሽሮ ይዤ ሄድኩ። እሱ የሆስፒታሉን እንቁላል ይልጣል፣ በረቡዕ! «ጾም እኮ ነው» ስለው «ለእናንተ» አለኝ። ለእናንተ! እናታችን ስትሞት ያሳደግሁት እኔ ነኝ።

ሐኪሙ ጠሩኝ። አዲሱ ሃይማኖት ከሕመሙ የመጣ እንደሆነ አልለዩም፤ ሊያቆዩት ነው። «እርስዎ ያውቁታል፤ ምን ይላሉ?» ተሰናብቼ ወጣሁ። መልሱ የመጣልኝ ባጃጅ ውስጥ ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ።

ሐሙስ

ተመልሼ ነገርኳቸው። ክምሩን ሲያቃጥል «ሚካኤል አዞኝ ነው» እያለ ይጮህ ነበር። አሁን አይጮህም። ክኒኑን በሰዓቱ ይውጣል። ለጎረቤቱ እህል ያለቅሳል። ሃይማኖቱን አልወደድኩለትም፤ ሰውየው ግን ተሽሎታል።

ሐኪሙ ብዙ ጻፉ። «ይውጣ። ተረክቦ የሚፈርም ቤተሰብ ያምጡ።»

ደብረ ኤልያስ ላለው ታላቅ ወንድማችን ለአያ ሽፈራው ደወልኩ። ቤቱም መሬቱም እሱ ዘንድ ነው። «ማተቡን አስሮ ይምጣ» አለ። «እንቢ ካለስ?» «እብደቱን ችዬለታለሁ፤ ይህን አልችልም።» ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ዓርብ

ጌትነትን ለመንኩት። ማተቧን ለመንገድ ብቻ እሰራት፣ አያን እለፈውና ትፈታታለህ አልኩ።

«እዚህ ስንት እንደዋሸሁ ታውቂያለሽ? ድምፅ አልሰማም እያልኩ፣ ክኒን ከምላሴ ሥር እየደበቅሁ። አሁን ስተወው አንቺ ዋሽ ትይኛለሽ?»

ተናድጄ ተነሣሁ። መምህሩ «እህታችን፣ እንጸልይልሽ» ሲለኝ «ለራስህ ጸልይ!» አልኩት። እሱም እኮ የሚጠይቀው ዘመድ የለውም። ክፉ ነገር ተናገርኩ።

ከግቢው በር ተመለስኩና ራሴ ፈረምኩ። አንዲት ክፍል ናት ያለችኝ። ለአከራዬ ምን እንደምል አላውቅም።

ቅዳሜ

አመጣሁት። አያ ደውሎ «ከእንግዲህ ሁለታችሁንም አላውቅም» አለኝ።

ምሳ ቀረበ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ፣ እኔ አማተብኩ፣ በላን። ከዚያ ተነሥቶ በሩ ሥር ቆመ። መዝጊያውን አልነካም።

«ምን ሆንክ?»

«ሽንት ቤት ልሄድ ነበር።»

ነርስ መጥታ እንድትከፍትለት ነው የሚጠብቀው። «ክፍት ነው እኮ፣ ጌትዬ» አልኩት።

ወጣ። ልከተለው ተነሣሁ፤ መልሼ ተቀመጥኩ።